ዓሣው ከመምጣቱ በፊት፦ የአዲስ አኳሪየም ፊልተር እንዴት ይዘጋጃል?

አዲስ አኳሪየም ብዙ ጊዜ ቤት የሚገባው እንዲህ ነው፦ መስታወቱ፣ ፊልተሩ፣ ባለቀለሙ ጠጠርና አምስት ስድስት ጎልድፊሽ በአንድ ቀን ተገዝተው በአንድ ታክሲ ይጫናሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላም ናቸው። ከዚያ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ፣ ምግብ ይተዋሉ፣ ጠዋት ስትነሱ አንዱ በጎኑ ተንሳፍፎ ታገኙታላችሁ። ውሃው እኮ ጥርት ያለ ነው! የሚገድለው ነገር ግን በዓይን አይታይም።

ነገሩ ይሄ ነው። ዓሣ በስንጥቡና በቆሻሻው አሞኒያ ይለቃል፣ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል። አሞኒያ ስንጥባቸውን ያቃጥላል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው፣ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትሬትን ዓሣ በመጠኑ ይችለዋል፣ ሲበዛ ውሃ ቀይረን እንቀንሰዋለን።

የፊልተሩ ሞተር ውሃ ከማዞር ሌላ ሥራ የለውም። መርዙን የሚያጠፉት ስፖንጁና ድንጋዩ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ከካርቶን የወጣ አዲስ ፊልተር ላይ ደግሞ እነሱ የሉም ማለት ይቻላል። ሲባዙም ቀርፋፋ ናቸው። ሌላው ባክቴሪያ በግማሽ ሰዓት እጥፍ ሲሆን እነዚህ ግማሽ ቀን፣ አንድ ቀን፣ ሲብስም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ዓሣ ሳናስገባ አሞኒያውን ራሳችን እየሰጠናቸው እስኪበዙ እንጠብቃለን። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ባዶ መስታወት ማየት ዓሣ ሲሞት ከማየት ይሻላል።

1. መጀመሪያ የውሃ መመርመሪያ

ይሄን ከሁሉም በፊት ያስቀመጥኩት ያለ እሱ የቀረው ሁሉ ግምት ስለሆነ ነው። አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) የሚለካ የጠብታ ኪት ያስፈልጋችኋል። በወረቀት ቁራጭ የሚሠራውም ከምንም ይሻላል፣ ግን ብዙዎቹ ላይ አሞኒያ የለም፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው እሱን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለ አሁኑኑ ደውሉለት። ጠርሙሶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሻንጣ አያጣብቡም።

አለካኩን በትዕግሥት ያዙት። ለምሳሌ ብዙ ሰው ያለውን ኤፒአይ የተባለውን ኩባንያ ኪት ልውሰድ። ቱቦውን በአኳሪየሙ ውሃ አለቅልቁት፣ ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር መስመሩ ድረስ ሙሉት። ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደታች ድፉት፤ ዘንበል ካለ የጠብታው መጠን ይለያያል። ለአሞኒያ ከመጀመሪያው ጠርሙስ 8 ጠብታ፣ ከሁለተኛው 8 ጠብታ፣ ነቅነቅ ነቅነቅ፣ ከዚያ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ቱቦውን ነጭ ወረቀት ላይ አስደግፋችሁ በመስኮት ብርሃን እዩት። ቢጫ ከሆነ ዜሮ ነው፣ ወደ አረንጓዴ እየሄደ ከሆነ አሞኒያ አለ። ማታ በአምፖል ብርሃን ያያችሁት ቀለም ላይ ብዙ እምነት አትጣሉ፣ ቢጫ አምፖል ሁሉን ነገር ያሳስታል። የናይትሬቱ ሁለተኛ ጠርሙስ ደግሞ ከሥሩ ስለሚዘቅጥ ቢያንስ 30 ሰከንድ በኃይል መናጥ አለበት፣ ጠብታው ከገባ በኋላም ቱቦውን አንድ ደቂቃ ሙሉ ናጡት። ይሄን የዘለለ ሰው ናይትሬት ሞልቶ ሳለ ዜሮ ያነባል።

2. ፊልተሩና ድንጋዩ

ለጀማሪ በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ፊልተር እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፣ የሚበላሽ ነገር የለውም፣ መብራት ሲጠፋም የተሻለ ይቋቋማል (ወደዚህ እመለሳለሁ)። የሚንጠለጠለው ወይም በቱቦ የሚሠራው ዝግ ፊልተር ካላችሁም ጥሩ ነው፣ ውስጡ ግን ባክቴሪያ የሚሰፍርበት ነገር መኖር አለበት።

የሴራሚክ ቀለበት ውድ ሆነባችሁ? እኛ አገር የሚያምር ምትክ አለን። ለግንባታ የሚያገለግለው ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ሠራተኞቹ ሬድ አሽ የሚሉት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስም እንደዚሁ። አንድ ቁራጭ አንስታችሁ ወደ ብርሃን ብታዞሩት በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል፣ ባክቴሪያ የሚፈልገውም ይሄን ገጽ ነው። ውጭ አገር ላቫ ሮክ ተብሎ በኪሎ የሚሸጠው ይኸው ዓይነት ድንጋይ ነው። ግን ከግንባታ ቦታ የመጣ ስለሆነ ሲሚንቶና ዘይት ያልነካውን ምረጡ። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክለውን ለዩ፣ ያጠባችሁት ውሃ ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግማችሁ እጠቡት። በሳሙና አይደለም፣ በረኪናም አይነካውም። ከዚያ ላዩ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከፈላ ኖራነት አለው፣ ውሃውን እያጠነከረ ፒኤቹን ይጨምራል፣ ተዉት። ዝም ካለ ወደ ፊልተሩ።

3. ውሃውን መሙላትና ክሎሪኑን ማስወጣት

የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ሥራው ባክቴሪያ መግደል ነው፣ የእናንተን ባክቴሪያ ለይቶ አይምርም። ውሃውን በባልዲ ወይም አፉ በተከፈተ ሮቶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አስቀምጡት፣ የአየር ፓምፕ ካስገባችሁበት ቶሎ ይወጣል። ክሎሪን የሚያጠፋ የውሃ ማስተካከያ ጠብታ ካላችሁ እሱም ይሠራል።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው የሚሆኑት) ነው፣ ክሎራሚን ደግሞ በባልዲ ስላስቀመጣችሁት አይወጣም። ማስተካከያ ጠብታ የግድ ነው። ጠብታው ሲሰብረው ትንሽ አሞኒያ ስለሚተው ገና ምንም ሳትጨምሩ ኪቱ አሞኒያ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙም የራሳችሁ ጣጣ አለባችሁ፤ ውሃው ብዙ ጊዜ ፒኤቹ ከፍ ያለ ነው። ፒኤች 7 ላይ ካለው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ሲሆን 8 ላይ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። ኪቱ የሚያሳየው ጠቅላላውን ስለሆነ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ሁለት ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ትርጉም አለው።

ስንት ሊትር እንደያዘ እዚህ ላይ አስሉት። ርዝመት ሲባዛ ወርድ ሲባዛ የውሃው ከፍታ፣ ሁሉም በሴንቲ ሜትር፣ ለ1000 አካፍሉ። 60 በ30 በ35 የሆነ 63 ሊትር ይሆናል፣ ለጠጠሩና ለድንጋዩ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንሱ። ሻጩ የነገራችሁን ቁጥር እርሱት።

4. ሙቀትና አየር፦ ከፍታ ላይ ላለን ሰዎች

እነዚህ ባክቴሪያዎች ሙቀት ይወዳሉ። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ላይ በደንብ ይሠራሉ፣ ከ20 በታች ይለግማሉ። የአዲስ አበባ ሳሎን በክረምት ስንት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ በኋላ የምታስገቡት ጎልድፊሽ ቢሆንና ሂተር ባያስፈልገውም፣ ለዝግጅቱ ጊዜ ሂተር ተውሳችሁም ቢሆን 28 ላይ አድርጉት። ለ1 ሊትር 1 ዋት ገደማ ያስፈልጋል፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ከፍ አድርጉ። ሂተሩ ከውሃ ውጭ ሲበራ የራሱ መስታወት ይሰነጠቃል፣ ውሃ ስትቀንሱ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ።

ሁለተኛው ነገር አየር ነው። ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን በብዛት ይጨርሳሉ፣ አሞኒያ ውስጥ ያለውን 1 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.6 ሚሊ ግራም ገደማ። ባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ውስጥ ግን 6 አካባቢ ነው የሚይዘው። የውጭ መመሪያዎች ይሄን አያነሱትም፣ ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ቆላ ናቸዋ። የአየር ፓምፑን ለሊትም አታጥፉት፣ ድምፁ ቢረብሽም።

መብራቱን ግን አጥፉት። ተክል ካልተከላችሁ በስተቀር ብርሃን የሚጠቅመው አልጌን ብቻ ነው።

5. አሞኒያ መስጠት

ግባችን 2 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ብዙ ቦታ 4 እና 5 ይላሉ፣ እኔ ግን በ2 እንድትጀምሩ እመክራለሁ፣ ምክንያቱን ስድስተኛው ላይ ታዩታላችሁ።

ከየት ይገኛል? አራት መንገድ አለ።

ንጹሕ የአሞኒያ ፈሳሽ። 10 በመቶ ከሆነ ለ50 ሊትር 1 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ በቂ ነው። ለጽዳት የሚሸጥ ከሆነ ጠርሙሱን ናጡት፤ አረፋው ቆሞ ከቀረ ሳሙና አለበት፣ ሽቶም ካለው አይሆንም። በምንም ዓይነት ከበረኪና ጋር አታገናኙት፣ አንድ ባልዲ ውስጥም አንድ በአንድ አትጠቀሙባቸው። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

አሞኒየም ክሎራይድ። የላቦራቶሪ ኬሚካል ከሚሸጡ ሰዎች ትጠይቃላችሁ። እኔ ይሄን ነው የምመርጠው፣ ዱቄት ስለሆነ አይሸትም፣ መጠኑም አያሳስትም። 6.3 ግራም ጥቃቅን መጠን በሚለካ ሚዛን (የወርቅ ሚዛን ያለው ሰው ካወቃችሁ እንዳትረሱት) ተመዝኖ 100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይሟሟ። ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር ለ10 ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ይሰጣል። 50 ሊትር ካላችሁ 5 ሚሊ ሊትር፣ አለቀ። ጠርሙሱ ላይ ስሙን ጻፉበት፣ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡት።

የዓሣ ምግብ ወይም ጥሬ ዓሣ። ከዓሣ ቤት የተገዛ የቆሮሶ ቁራጭ፣ የሎሚ ያህል፣ በስቶኪንግ አስራችሁ ታንጠለጥላላችሁ። ይሠራል፣ ግን ይሸታል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ምን ያህል አሞኒያ እንደወጣም የምታውቁት ከለካችሁ በኋላ ነው። እንግዳ የሚመጣበት ሳሎን ከሆነ ይቅርባችሁ። አሞኒያው 2 እና 3 ሲደርስ አውጡት።

ዩሪያ ማዳበሪያ። ገበሬ ዘመድ ያለው ሁሉ ይሄን ያስባል። በመርህ ደረጃ ይሆናል፣ ግን ዩሪያ መጀመሪያ ሌሎች ባክቴሪያዎች ሰብረውት ነው አሞኒያ የሚሆነው። ዛሬ ጨምራችሁ ስትለኩ ዜሮ፣ ነገም ትንሽ፣ ስትሰለቹ ትደግማላችሁ፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ይመጣል። ሌላ ካልጠፋ አልመርጠውም።

6. መጠበቅ፣ መለካት፣ ትንሽ መጨነቅ

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይሆንም። አሞኒያው እዚያው 2 ላይ ቆሞ ታዩታላችሁ። አትጨምሩ። በሁለት ቀን አንዴ ለኩ።

ከዚያ አንድ ቀን አሞኒያው ዝቅ ይልና ሰማያዊ የነበረው የናይትራይት ቱቦ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። መልካም ዜና ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ገቡ ማለት ነው። አሞኒያው ወደ ዜሮ ሲጠጋ እንደገና ስጡ፣ አሁን ግን ግማሹን፣ ማለትም 1 ሚሊ ግራም በሊትር፣ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ። ምክንያቱም 1 ሚሊ ግራም አሞኒያ ወደ 2.7 ሚሊ ግራም ናይትራይት ነው የሚለወጠው። 2 የሰጠ ሰው ከ5 በላይ ናይትራይት ያያል፣ የኪቱ ቀለም ደግሞ 5 ላይ ያበቃል። 4 እና 5 እያደረገ በየቀኑ የጨመረ ሰው ናይትራይቱ የት እንደደረሰ እንኳ አያውቅም፣ ሁለተኛዎቹ ባክቴሪያዎችም እዚያ ውስጥ ይዘገያሉ። ከ5 ካለፈባችሁ 1 እጅ የአኳሪየም ውሃ ከ4 እጅ ንጹሕ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ለኩና ውጤቱን በ5 አባዙ። በጣም ከበዛ ግማሹን ውሃ ቀይሩ። ባክቴሪያው ድንጋዩና ስፖንጁ ላይ ስለሆነ ውሃ መቀየር አይጎዳውም።

ይሄ የናይትራይት ጊዜ ረጅሙና አሰልቺው ነው። ብዙ ሰው "ቆሞብኛል" የሚለውም እዚህ ላይ ነው። እውነት ከቆመ መጀመሪያ ፒኤች ለኩ። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ አሲድ ያመነጫሉ፣ ውሃው ለስላሳ ከሆነ የሚያስታግሰው ነገር አልቆ ፒኤቹ ይወርዳል፣ ከ6.5 በታች ሥራቸው ይቀዘቅዛል፣ 6 አካባቢ ሊቆም ይደርሳል። ውሃ ቀይሩ፣ ወይም ለ100 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በኩባያ አሟሙታችሁ ጨምሩ። ሶዳ ነው ያልኩት፣ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው።

ማሳጠር ይቻላል?

ይቻላል፣ አንድ አስተማማኝ መንገድ አለ። ዓሦቹ ጤነኛ የሆኑ፣ ወራት ያስቆጠረ አኳሪየም ያለው ሰው ካወቃችሁ ከፊልተሩ የቆሸሸ ስፖንጅ ቁራጭ ለምኑት። እንደ እርሾ ነው፣ ከጎረቤት የመጣው ትንሹ ቡሖውን እንደሚያነሳው። ስፖንጁን ከራሱ ውሃ ጋር በላስቲክ አድርጋችሁ፣ ላስቲኩ ውስጥ አየር ትታችሁ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ፊልተራችሁ። መንገድ ላይ ቡና ልጠጣ አይባልም። በደንብ ከተያዘ የሳምንታቱ ሥራ ወደ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። የታመመ ዓሣ ካለበት ቤት ግን አትውሰዱ፣ በሽታውም አብሮ ይመጣል።

በጠርሙስ የሚሸጠው ባክቴሪያስ? አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ ውሃ ነው። ለብዙ ዓመታት ናይትራይቱን የሚጨርሰው ናይትሮባክተር ነው ተብሎ ይታመን ነበር፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን በአኳሪየም ውስጥ ይሄን ሥራ የሚሠራው ናይትሮስፓይራ መሆኑን አሳየ። ጠርሙሱ ላይ ናይትሮስፓይራ የሚለውን ስም ፈልጉ። ቀኑንም እዩ፣ ሱቁ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ደርድሮት ከሆነም ገንዘባችሁን ያዙ።

መብራት ሲጠፋ

ስፖንጅ ፊልተር አኳሪየሙ ውስጥ ክፍት ስለሆነ ለሰዓታት ይቆያል። ዝግ ፊልተር ውስጥ ያሉት ግን የታሰረችውን ውሃ ኦክስጅን በጥቂት ሰዓት ይጨርሱና መሞት ይጀምራሉ። መብራቱ ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ዝግ ፊልተሩን እንዲሁ አታስነሱት፣ ውስጡ የተበላሸው ውሃ ይረጫል። ከፍታችሁ ውሃውን ድፉ፣ ድንጋዩን በአኳሪየሙ ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ አስነሱ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካገኛችሁ ግዙ፣ ሰፈራችሁን ታውቁታላችሁ።

7. ደርሷል የሚባለው መቼ ነው?

ናይትራይቱ ዜሮ ሲሆን ሙሉውን 2 ሚሊ ግራም በሊትር አሞኒያ ስጡ። በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆኑ፣ በማግስቱ ድገሙት። እንደገና ዜሮ ከሆነ ደርሷል። ስድስት ሳምንት ሞላ ማለት ብቻውን ምንም አይደለም፣ ውሃው ጠራ ማለትም እንደዚሁ።

ዓሣ ለመግዛት ጊዜ ካላገኛችሁ በሁለት ቀን አንዴ ትንሽ አሞኒያ እየሰጣችሁ ጠብቁ። ባክቴሪያዎቹ ካልበሉ ይቀንሳሉ።

ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት ባለው ቀን ከ70 እስከ 80 በመቶውን ውሃ ቀይሩ፣ ክሎሪን በወጣለት ውሃ። ናይትሬቱ ከ20 እስከ 40 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይውረድ። ሂተሩንም ዓሣው ወደሚፈልገው መልሱት፣ ለጋፒና ለሞሊ (ሞቅ ያለ ውሃ የሚወዱ ትንንሽ ዓሦች ናቸው) 25 ገደማ ጥሩ ነው። ለ50 ሊትር መጀመሪያ አምስት ስድስት ጋፒ ይበቃል። ጎልድፊሽ ለሚሉኝ፦ አድጎ ትልቅ የሚሆን፣ ብዙ የሚበላና ብዙ የሚያቆሽሽ ዓሣ ነው፣ 50 ሊትር ውስጥ አታስገቡት፣ ሻጩ ምንም ቢላችሁ።

የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ለኩ፣ ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል። አሞኒያ ወይም ናይትራይት 0.5 ካሳየ ሲሶውን ውሃ ቀይሩና አንድ ቀን አታብሏቸው፣ አይሞቱም። ስፖንጁ ሲደፈን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፣ ቧንቧ ሥር ወስዶ ማጠብ የስድስት ሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን ያጥባል። የቤት ሠራተኛ ወይም ጽዳት የምትወድ እናት ካለች ይሄን አስቀድማችሁ ንገሯት። ሁለተኛዎቹን ዓሦች ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ፣ ቁጥሮቹ ዜሮ እንደሆኑ ከቆዩ ጨምሩ።